ሦስት ዘፈን ጥራ አትበሉት፤ ሦስት ዘፈን ላኩለት

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ርዕሱን ብቻ አይታችሁ ኮሜንት ላይ ልትሰድቡኝ የተዘጋጃችሁም እስከ መጨረሻ አንብባችሁ ስደቡኝ፤ ቢያንስ ስድቡ ከጽሑፉ ጋር ይገናኛል።

ነገሩ ስለ ቲሸርት ነው። አዎ፣ ቲሸርት! ደረቱ ላይ ኤሌክትሪክ ጊታር የተሳለበት። ጥቁር ጨርቅ ላይ ቀይ ጊታር፣ አንዳንዴ እሳት፣ አንዳንዴ ክንፍ፣ አንዳንዴ የራስ ቅል፣ ከሥሩ ለማንበብ የሚያስቸግር የባንድ ስም። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ታክሲ ተራ፣ ፑል ቤት፣ ኳስ ሜዳ፣ የኮብልስቶን ሥራ ላይ ባሉ ልጆች ደረት ላይ አይታችሁታል። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ተማሪዎች ያለ ዩኒፎርም ለማጠናከሪያ ትምህርት ሲመጡ፣ ከሰሌዳው ፊት ለፊት ተደርድሮ አየዋለሁ።

ሰሞኑን እነዚህን ልጆች ፎቶ እያነሱ መለጠፍ ጨዋታ ሆኗል። ከፎቶው በላይ «ይሄ ልጅ የባንዱን ሦስት ዘፈን ከጠራ ምሳ በእኔ!» ይባላል፤ ከሥሩ የሳቅ ኢሞጂ ይደረደራል። ቀጥሎ ሌላው ወገን ይመጣና «ይሄ የሰይጣን ምልክት ነው፣ ትውልዱ ጠፋ» ይላል። እነዚህ ሁለት ወገኖች በሌላው ነገር ሁሉ አይስማሙም። አንዱ ራሱን የሙዚቃ አዋቂ ያደርጋል፣ ሌላው የባህልና የሃይማኖት ጠባቂ። ልጁን ሲያዩ ግን ይግባባሉ። አንዱ «አላዋቂ» ይለዋል፣ ሌላው «ዱርዬ»።

እኔ በዲፕሎማ ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝ። የሙዚቃ ባለሙያ አይደለሁም። ግን ስለ ልጆችም፣ ስለ ጊታርም የምለው አለኝ። በየተራ ልምጣባችሁ።

አንደኛ፦ ቲሸርቱ ከየት መጣ?

አብዛኛው ከሰልባጅ ነው። አውሮፓ ወይ አሜሪካ አንድ ሰው ቁም ሳጥኑን ያጸዳል፣ ያልፈለገውን ይሰጣል፣ ልብሱ ተለይቶ በቦንዳ ይታሰራል፣ ባሕር ይሻገራል፣ በየትኛው በር እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን፣ ከዚያ ገበያ ላይ ሸራ ተነጥፎ ይዘረገፋል። እናት ትመጣለች። ጎንበስ ብላ ትመርጣለች። የምታየው ምንድነው? የጨርቁን ውፍረት፣ የአንገቱን ስፌት፣ ብብቱ አለመተርተሩን፣ ለሚቀጥለው ዓመትም እንዲሆነው ትንሽ ሰፋ ማለቱን። ደረቱ ላይ ጊታር ይኑር፣ ዓሣ ይኑር፣ የአሜሪካ ገጠር የእሳት አደጋ ቡድን ስም ይኑር ጉዳይዋ አይደለም። ልጇን አልብሳ ትልካለች።

አንተ ደግሞ ካፌ በር ላይ ተቀምጠህ፣ ማኪያቶህን እየጠጣህ፣ «እስቲ ሦስት ዘፈን ጥራ» ትለዋለህ። ኧረ ባክህ! ይሄ ምኑ ነው የሙዚቃ እውቀት? እናቱ አቅሟ የፈቀደውን ገዝታ አለበሰችው፤ አንተ እሱ ላይ ሳቅክ። ሌላ ስም የለውም። ጊታሩን አንሥተህ ዓሣ ብታደርግበት «ሦስት የዓሣ ዓይነት ጥራ» ልትለው ነው?

ሁለተኛ፦ እሺ፣ ራሱ መርጦ የገዛውስ?

በሰልባጅ ተሸፍኜ ማምለጥ አልፈልግም። ብዙ ልጆች ራሳቸው መርጠው፣ ከኪስ ገንዘባቸው አጠራቅመው፣ ጊታር ስላለበት ብለው ነው የሚገዙት። መርካቶ የሚታተመውን አዲሱን ይገዛሉ። እነሱስ ዘፈኑን ሳያውቁ ለምን ይለብሳሉ?

ስለ ጊታር ታሪክ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በየቲሸርቱ ከሚሳሉት ጊታሮች አንዱ ስትራቶካስተር ይባላል። ሁለት ቀንድ የመሰለ ጫፍ ያለው፣ ስድስቱም መቃኛ በአንድ ወገን የተደረደረበት። እ.ኤ.አ. በ1954 ለገበያ ያቀረበው ካሊፎርኒያዊው ሊዮ ፌንደር ነው። ሰውየው ሥራውን የጀመረው በራዲዮ ጥገና ነበር። እና ምን መሰላችሁ? ጊታር መጫወት አይችልም ነበር! ዓለም ላይ በጣም ከሚታወቁት ጊታሮች አንዱን የሠራው ሰው አንድ ዘፈን በጊታር አይጫወትም። ዛሬ ቢኖርና የራሱን ጊታር ምስል ለብሶ በሰፈራችሁ ቢያልፍ፣ እናንተ አቁማችሁ ትፈትኑት ነበር፤ ይወድቅም ነበር።

ሌላም አለ። ሰልባጅ ውስጥ ሃርድ ሮክ ካፌ የሚል ቲሸርት ታገኛላችሁ፤ ጊታር ያለበትም የሌለበትም አለ። ሃርድ ሮክ ካፌ ምንድነው? እ.ኤ.አ. በ1971 ሎንዶን የተከፈተ ምግብ ቤት ነው። በየከተማው ቅርንጫፍ አለው፤ ሰው ገብቶ በርገሩን ይበላል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የታዋቂ ሰዎች ጊታሮች ያያል፣ ሲወጣ የከተማው ስም ያለበትን ቲሸርት ይገዛል። ያ ቱሪስት አንድም ዘፈን ላይጠራ ይችላል። በርገር በልቶ ነው ቲሸርቱን ያገኘው። እሱን ማንም አይጠይቀውም። የእሱን አሮጌ ቲሸርት የለበሰው የእኛ ልጅ ሲሆን ግን ፈተና ይዘጋጅለታል። ለምን? መልሱን ለራሳችሁ መልሱት።

ደግሞ ስለ ማልያ እናውራ። እዚህ ገጽ ላይ ያላችሁ የአርሴናልና የማንችስተር ደጋፊዎች፣ እናውቃችኋለን። ሎንዶንን ሳትረግጡ ማልያውን ለብሳችሁ ታለቅሳላችሁ። ጥሩ ነው፤ ፍቅር ነው። ማልያውን የለበሳችሁት ታሪኩን ጨርሳችሁ ካወቃችሁ በኋላ ነበር? አይደለም። ታላቅ ወንድማችሁ ለበሰ፣ እናንተም ለበሳችሁ፣ ለብሳችሁ ስትኖሩ ተጫዋቾቹን አወቃችሁ፣ ከዚያ ክርክሩን ቻላችሁበት። መጀመሪያ ማልያው፣ ቀጥሎ እውቀቱ። ለኳስ የፈቀዳችሁትን ቅደም ተከተል ለሙዚቃ የምትከለክሉት ለምንድነው?

ሴቶቹ ላይ ደግሞ ይብሳል። ወንዱን «ሦስት ዘፈን ጥራ» የሚለው ሰው ሴቷን «የወንድምሽን ነው የለበስሽው?» ይላታል። ሦስት ዘፈን ብትጠራም «ማን ነገረሽ?» ይላል። አምስት ብትጠራም አይበቃውም። በዚህ ፈተና ማለፊያ ነጥብ የለም፤ ፈታኙ ማሳለፍ አይፈልግማ።

ሦስተኛ፦ «የሰይጣን ነው» ለምትሉ

እናንተን በአክብሮት ነው የማናግራችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ልጆቻችሁ እንዳይጠፉ ከመስጋት ነው የምትናገሩት። ስጋታችሁ ይገባኛል። ግን ፍርዱ በማስረጃ ይሁን።

ሮዜታ ታርፕ የምትባል ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1915 አሜሪካ፣ አርካንሳስ ተወለደች። እናቷ ወንጌል ሰባኪ ነበረች። ልጅቱ በሕፃንነቷ ጊታር አንግታ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ትዘምር ነበር። ኋላ ላይ ጊታሩ ኤሌክትሪክ ሆነ፣ ዝማሬው ግን ዝማሬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ማንችስተር ውስጥ፣ በአንድ ባቡር ጣቢያ ላይ፣ ካፖርት ለብሳ ነጭ ኤሌክትሪክ ጊታር ስትጫወት ለቴሌቪዥን የተቀረጸ ፊልም አለ። ፈልጋችሁ እዩት። ሮክ የምትሉትን ሙዚቃ ከፈጠሩት እጆች አንዱ የእሷ እጅ ነው። ራሳቸው ሮከሮቹ እንኳ ረስተዋት ኖረው፣ የሮክ ኤንድ ሮል የክብር መዝገብ ስሟን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ከሞተች ከ45 ዓመት በኋላ። እንግዲህ «ጊታር የሰይጣን ነው» ስትሉ ይህችን ዘማሪ የት ልታደርጓት ነው?

ሩቅ ነው ካላችሁ ቅርብ ልምጣ። በአገራችን ስንት የፕሮቴስታንት አዳራሽ ውስጥ እሑድ እሑድ ኤሌክትሪክ ጊታር ይሰማል? ያው ጊታር ነው። ያው ስድስት ክር፣ ያው ማግኔት፣ ያው ቀንድ።

ስለ ቀንዱም ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚፈራው ቀንዱን ነው። ጊታሩ አንገቱ ሥር በሁለቱም ወገን ጎርጎድ ተደርጎ የተቀረጸው የተጫዋቹ ጣት ወደ ታችኛዎቹ ቀጫጭን ድምፆች ያለ ችግር እንዲደርስ ነው። እንጨቱ ሲጎረጎድ የቀረው ጫፍ ቀንድ መሰለ። የእጅ ምቾት ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም።

የራስ ቅል፣ እሳት፣ አስቀያሚ ጽሑፍ ያለበትስ? እዚህ ላይ ትክክል ናችሁ። አንዳንዱ ቲሸርት ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ነገር ልጁ ትርጉሙን ቢያውቅ ደፍሮ የማይለብሰው ስድብ ነው። እንዲህ ስታዩ ልጁን ለብቻው ጠሩትና «ይሄ ቃል እንዲህ ማለት ነው፣ አውቀሃል?» በሉት። በሰው ፊት አይደለም፤ በካሜራ ፊት ደግሞ በፍጹም አይደለም። ትርጉም መንገር ከእኛ ከትልልቆቹ የሚጠበቅ ነው። ማሳፈር ማንም ሕፃን የሚችለው ሥራ ነው።

ማሳፈር ምን እንደሚያመጣ ላሳያችሁ። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ጊታር ያለበት ቲሸርት የለበሰን ተማሪ አንድ መምህር ከክፍል አስወጣው። «ይሄን የዱርዬ ልብስ አውልቀህ ና» አለው። ልጁ ቀና ብሎ አላየም። ደብተሩን ሰብስቦ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለቅዳሜ ትምህርት አልመጣም። አውልቆ የሚለብሰው ሌላ ነገር ይኑረው አይኑረው የጠየቀው የለም። ልብ በሉ፣ ጊታሩን አልተወም፤ ቲሸርቱን በሌላው ቀን ለብሶት አይቼዋለሁ። የተወው ሒሳብን ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወራት ሲቀሩት። ትውልዱን ከጥፋት ማዳን እንዲህ ከሆነ፣ ትውልዱን ተዉት።

አራተኛ፦ «የእኛ አይደለም፣ የፈረንጅ ነው»

ይሄ ነው በጣም የሚያናድደኝ።

ማሕሙድ አሕመድን የማያውቅ አለ? «እሬ መላ መላ»ን ያልሰማ? እ.ኤ.አ. በ1975 ሲቀረጽ ከኋላው የነበረው አይቤክስ ባንድ ነው። በባንዱ ውስጥ ጊታሩን የያዘው ሰላም ስዩም ነው። ያው አይቤክስ በኋላ ሮሃ ባንድ ሆኖ በካሴት ዘመን ስንቱን ዘፋኝ አጀበ! እናትና አባታችሁ ሰርጋቸው ላይ የጨፈሩበት ካሴት ውስጥ ያ ኤሌክትሪክ ጊታር አለ። ጆሯችሁ ያውቀዋል፤ ስሙን ግን አልነገሯችሁም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባወጣው ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ ሲዲ ይህ ሙዚቃ ዓለምን ዞረ። ሰባተኛው ቁጥር የማሕሙድ ነው። ፓሪስ ያለ ወጣት ይህን ጊታር ሰምቶ ጉድ ሲል፣ እኛ እዚህ «ጊታር የፈረንጅ ነው» እያልን ልጆቻችንን እንሰድባለን።

ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬን በኤሌክትሪክ ጊታር የተጫወቱ ሰዎች ጊታሩን ከክራሩ አጠገብ አስቀምጠውታል። ቅኝቱ የእኛ ነው፣ ጣቱ የእኛ ነው፣ ሽቦው ብቻ በመርከብ መጣ። ሳክስፎኑም፣ አኮርዲዮኑም በመርከብ ነው የመጡት። አኮርዲዮን የሰማ ሁሉ «ድሮ ቀረ» እያለ እንባ ያብሳል፤ ለጊታሩ ሲሆን ፓስፖርት ይጠየቃል።

ቀረብ ያለውንም ልጥቀስ። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ»ን ያወጣው ከአሜሪካዊው ፕሮዲውሰር ቢል ላስዌል ጋር ነው። የጦዘ ጊታር፣ ከበሮ፣ አማርኛ ግጥም። ወደድነውም ጠላነውም ሮክ በአማርኛ ተዘፍኗል። ከአፍሪካም እኛ ብቻ አይደለንም። ቦትስዋና ውስጥ የሜታል ሙዚቃ አፍቃሪዎች ከላይ እስከ ታች ጥቁር ቆዳ፣ ከውስጥ የባንድ ቲሸርት ለብሰው በጠራራ ፀሐይ ይሄዳሉ። እነሱ «የፈረንጅ ነን» ብለው አያስቡም፤ የራሳቸው አለባበስ አድርገውታል።

አምስተኛ፦ ታዲያ ልጆቹ ምኑን ወደዱት?

ማንም ስለማይጠይቃቸው እኔ ጠየቅኳቸው። «ቲቸር፣ ያምራል በቃ!» ነው መልሱ። ይሄ መልስ አላዋቂነት አይመስለኝም። የፊዚክስ መልስ አለው። እስቲ ላስረዳ።

ክራር ወይም የተለመደው የእንጨት ጊታር ድምፁን የሚያጎላው በሳጥኑ ነው። ክሩ ይንቀጠቀጣል፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ይወጣል። ስለዚህ ቅርጹን እንደፈለግክ ልታደርገው አትችልም፤ ሳጥኑን ካበላሸህ ድምፁን ታበላሻለህ።

ኤሌክትሪክ ጊታር ግን ሳጥን አያስፈልገውም። ከብረት ክሮቹ ሥር ማግኔት አለ፤ ማግኔቱ ዙሪያ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ ተጠምጥሟል። ፒክአፕ ይባላል። የብረቱ ክር ሲንቀጠቀጥ የማግኔቱን መስክ ያናውጠዋል፣ መስኩ ሲናወጥ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ቮልቴጅ ይፈጠራል፣ ያ ቮልቴጅ በኬብል ወደ አምፕሊፋየር ይሄዳል። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያሳየው ኤሌክትሮማግኔቲክ ኢንዳክሽን ነው፤ ፈተና ላይ የምታገኙት፣ ሰምታችሁ «ቲቸር ይሄ ምን ይጠቅማል?» የምትሉት!

አሁን ነጥቡን ያዙ። ድምፁ ከሳጥኑ ካልመጣ፣ እንጨቱን እንደፈለግህ መቅረጽ ትችላለህ። ቀንድ አውጣለት፣ አጥብበው፣ አጣመው። ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1958 ፍላይንግ ቪ የሚባል እንደ ቀስት ጫፍ የሾለ ጊታር አወጣ፤ ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ዓይኑ ያርፍበታል። ኤሌክትሪክ ጊታር ከሙዚቃ መሣሪያዎች ሁሉ ለሥዕል የተመቸው ቅርጹ ከድምፁ እስር ስለተፈታ ነው። ከሃያ ሜትር ርቀት ጥላው ብቻ ቢታይህ ታውቀዋለህ። ልጁ «ያምራል በቃ» ሲል ይህንን ነው በዓይኑ ያነበበው። ቀጥሎ ማብራራት የእኛ ድርሻ ነው።

ቅዳሜ ዕለት እኔ ይህን ትምህርት ከቲሸርት ላይ አስተምራለሁ። የለበሰው ልጅ ፈቅዶ ወደፊት ይወጣል፣ ደረቱን ይነፋል፣ ክፍሉ ይቆጥራል። ስንት ክር? ስድስት። ስንት መቃኛ? ስድስት መሆን አለበት። ሁሉም በአንድ ወገን ከሆኑ የፌንደር ዘር ነው፣ ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ወገን ከሆኑ አብዛኛውን ጊዜ የጊብሰን ዓይነት ነው። አራት ብቻ ከሆኑ ያ ቤዝ ጊታር ነው። አምስት መቃኛ ለስድስት ክር ከተሳለ ሠዓሊው ጊታር አላየም ማለት ነው፤ እንዲህ ያለም አለ፣ ክፍሉ በሳቅ ይሞታል። የሚሳቀው ግን በሥዕሉ ነው፤ የለበሰው ልጅ ራሱ ቀድሞ ይስቃል።

ከዚያ ወደ ቁጥሩ እንገባለን። ወፍራሙ ክር በተለመደው ቅኝት በሰከንድ 82.4 ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ ቀጭኑ 329.6 ጊዜ። አካፍሉ። አራት! ማለትም በሁለት ኦክታቭ ይራራቃሉ። ክሩን ልክ መሐሉ ላይ፣ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ስትይዙት ርዝመቱ ይጋመሳል፣ ፍሪኩዌንሲው ዕጥፍ ይሆናል። ከመጽሐፍ ሲሆን የሚያንቀላፋ ተማሪ ከጓደኛው ደረት ላይ ሲሆን ይነቃል። ያ መምህር «አውልቀህ ና» ያለው ልብስ የማስተማሪያ መርጃ ነበር።

ጂሚ ሄንድሪክስም በዚህ ክፍል ውስጥ ይነሣል። ግራኝ ነበር። ለቀኝ እጅ የተሠራውን ስትራቶካስተር ገልብጦ ነው የሚይዘው። እ.ኤ.አ. በ1969 ዉድስቶክ ላይ የተጫወተበት ነጩ ጊታር የተገለበጠ ነው። እና ፎቶው ቲሸርት ላይ ሲታተም ግራ ቀኙ ተገላብጦ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ካስመሰለው አታሚው ተሳስቷል። ይህን ካወቁ በኋላ ተማሪዎቼ መንገድ ላይ ቲሸርት ያርማሉ! አሁን ማን ነው አላዋቂው?

ስድስተኛ፦ ለምታትሙና ለምትሸጡ

አንድ ጥያቄ አለኝ። መርካቶ ያላችሁ፣ ፒያሳ ያላችሁ፣ ሰፈር ውስጥ በአንድ ማሽን የምትሠሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፦ ለምንድነው የሰላም ስዩም ጊታር ያለበት ቲሸርት የሌለኝ? የአይቤክስ ስም በግዕዝ ፊደል ደረት ላይ ቢቀመጥ ምን ያህል እንደሚያምር አስባችሁታል? የእኛ ፊደል እኮ ለሕትመት የተፈጠረ ነው የሚመስለው።

ግን በስርቆት አይሁን። ሙዚቀኞቻችን ከካሴት ቅጂ ያላገኙትን ከቲሸርትም እንዳያጡ። የ1952ቱ የፍትሐብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ ማባዛትና መሸጥ ይከለክላል። የአልበም ሽፋን ሥዕል ደግሞ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠበቅ ሥራ ነው። ባለቤቱን ወይም ቤተሰቡን ሄዳችሁ አናግሩ፣ ተስማሙ፣ ከእያንዳንዱ ቲሸርት ድርሻ ስጡ። አረጋውያን ሙዚቀኞች ሲታመሙ ፌስቡክ ላይ የእርዳታ አካውንት ከምንለጥፍ፣ በጤናቸው ሳሉ ቲሸርታቸውን ብንገዛ አይሻልም?

ጥራቱንም አስቡበት። በሙቀት የሚለጠፈው ርካሹ ሕትመት በጥቂት እጥበት ይሰነጠቅና ጊታሩ የተሰበረ ገል ይመስላል። ስክሪን ፕሪንት ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ወንፊት ስለሚፈልግ ይደክማል፣ ለጥቂት ፍሬም አያዋጣም፤ ግን በደንብ ከደረቀ ዓመታት ይቆያል። እናንተ የምትለብሱት ደግሞ ገልብጣችሁ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡት፣ ካውያ በሥዕሉ ላይ በቀጥታ አታሳርፉበት። ይሄ እንኳን ከዚህ ሁሉ ክርክር ቢቀራችሁ ትርፍ ነው።

ማጠቃለያዬ

ልጅ ደረቱ ላይ ጊታር አድርጎ ሲወጣ ዲፕሎማ አልለጠፈም። «ይሄን ሁሉ አውቃለሁ» አላለም። ስለሚያምረው ነገር አንድ ምልክት ይዞ ወጣ፤ ምናልባት አንድ ሰው አይቶ «ይሄን ታውቀዋለህ? ና ላሰማህ» ይለኝ ይሆናል ብሎ። ያ ሰው አዋቂ ነኝ የምትለው አንተ ነበርክ። እውቀቱ ያለህ አንተ፣ ስልኩ ያለህ አንተ፣ ሙዚቃው ያለህ አንተ። እና ያንን ሁሉ ይዘህ ፎቶ አነሣኸው።

ሙዚቃን በእውነት የሚወድ ሰው የሚያውቀውን ዘፈን በጉጉት ያካፍላል። ሰውን እየፈተነ የሚያባርር ሰው የሚወደው ብቻውን ማወቁን ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ እናድርግ። ጊታር ያለበት ቲሸርት የለበሰ ልጅ ስታዩ «ሦስት ዘፈን ጥራ» አትበሉት። ስልኩን ጠይቁትና ሦስት ዘፈን በቴሌግራም ላኩለት። የእኔን ሦስት ልጻፍ፦ የማሕሙድ አሕመድና የአይቤክስ «እሬ መላ መላ»፣ የሮዜታ ታርፕ «ስትሬንጅ ቲንግስ ሃፕኒንግ ኤቭሪ ዴይ»፣ ከጃኖ «ኤርታሌ» አልበም ደግሞ የወደዳችሁትን አንድ። ሦስቱንም ጊታሩን እየተከተላችሁ ስሙ፤ ዘፋኙን ለጊዜው ተዉት።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲም፣ ሥራም፣ ዓረብ አገርም ያላችሁ፦ የእናንተን ሦስት ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ። ቅዳሜ ለክፍሉ አሰማላቸዋለሁ። ያ ሒሳብ ትቶ የቀረው ልጅም ይህን ካነበብክ፣ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ተኩል ና። ቲሸርቱን ለብሰህ ና። የፊት ወንበር ያንተ ነው፤ ፋራዴይን ካንተ ደረት ላይ ነው የምንጀምረው።